አፈርህ የት አደረ?

በደለል ሰላጤ ሰው ጠዋት ሲገናኝ «እንደምን አደርክ» አይባባልም። «አፈርህ የት አደረ?» ነው የሚባባለው። መልሱ እንደ ቀኑ ነው። «ተመስገን፣ ከትናንት ቦታው አልተነቃነቀም» የሚል አለ። «ኧረ ተወኝ፣ ሌሊት የባሕሩ ሙላት ጠራርጎ ማንግሮቩ ሥር ወሽቆብኝ አደረ» የሚልም አለ። እንዲህ ያለው ሰው ቁርሱን በቁሙ ጎርሶ፣ በበርሜል ላይ የተሠራች ቤቱን ከካስማዋ ፈትቶ፣ ልጆቹን መስኮት ላይ አስቀምጦ አፈሩን ፍለጋ ይቀዝፋል። ሕጉ አጭር ነው። አፈርህ ባለበት ቤትህ አለ። አፈር የሌለው ሰው ምን እንደሚሆን ደግሞ ማንም ጮክ ብሎ አያወራም።

ሰላጤው የተከፈተ አፍ ይመስላል። ከደጋ የወረዱት ሰዎችም እንዳዩት ነው የጠሩት። ወንዙ ባሕር የሚገባበትን ሰፊ ጭቃ «አፍ» አሉት። ከወዲያ ማዶ ባሕሩንና ሰላጤውን የሚለየውን ረጅም የአሸዋ ክምር «ምላስ» አሉት። ጨው ውሃ ውስጥ በሚቆመው የማንግሮቭ ዛፍ ጫካ መሃል ጀልባ አንድ በአንድ የምታልፍበትን ጠባብ መተላለፊያ ደግሞ «ጉሮሮ»። በአፍና በምላስ መካከል ደለሉ ይተኛል። ባሕሩ ሲሞላ ይሰወራል፣ ሲሸሽ ጀርባውን ያወጣል፤ ሲያወጣ ግን ትናንት ባወጣበት በኩል አይደለም። ትናንት የቀዘፍክበት ዛሬ በእግር ይኬዳል፣ ትናንት ልጅ ኳስ የተጫወተበት ዛሬ መቅዘፊያ ይውጣል። ውሃው እንኳ ለራሱ አልቆረጠም፤ ከላይ የወንዝ ነው፣ ከሥሩ ጨው ይሾልካል።

ታዲያ ያ ደለል ዝም ብሎ ጭቃ እንዳይመስላችሁ። ርስት ነው። ደጋ ላይ ክረምት በመጣ ቁጥር ከሰው ማሳ እየተላጠ የወረደ አፈር ነው፤ ባለቤቶቹም ድንጋዩ ብቻ ሲቀርላቸው ጓዛቸውን ጠቅልለው ተከትለውት ወረዱ። የማን አፈር የት እንዳለ የሚናገረው ቀማሽ ነው። በየደለሉ ላይ የተተከለ ዘንግ ነው። ጠዋት ውሃው ሲሸሽ ጭቃውን ይቀምስና ለስለስ ባለ የሴት ድምፅ ይጠራል። «የአለምነሽ ማሳ፣ ጥቂት። የተከስተ ማሳ፣ ሙሉ።» ጠርቶ ሲጨርስ «ክርክር አለ?» ይላል።

ሌላው ሰው እዚህ ላይ ወደ ጉዳዩ ይሄዳል። ሁለት ሽማግሌዎች ግን አይሄዱም። አያ ዘርጋው ከአንደኛው በራፍ፣ አያ ቢረሳው ከሌላኛው በራፍ፣ እኩል «አለ!» ይላሉ። «ተመዝግቧል» ይላል ቀማሹ። ከዚያ ሁለቱም ቁርሳቸውን ይበላሉ።

ደጋ ሳሉ ማሳቸው ኩታ ገጠም ነበር። አንዱ በጨለማ ተነስቶ አንድ ትልም ወደ ጎረቤቱ ይገፋል፣ ያኛው በማግስቱ ሁለት አድርጎ ይመልሳል። የወሰን ድንጋዩ ከሰዎቹ ይልቅ ብዙ አገር ዞሯል። በመጨረሻ ጎርፉ መጥቶ የሁለቱንም ማሳ አጥቦ ወሰደው፤ ክርክሩን ግን አላጠበውም። በሚስትና በርስት ቀልድ የለም ይባል የለ! አርባ ዓመት ሙሉ፣ ሰላጤው እንኳ መልኩን ስንት ጊዜ ሲቀይር፣ እነሱ ከዚያች «አለ!» ንቅንቅ አላሉም።

ያን ጠዋት ግን የመጣው ድምፅ አንድ ብቻ ነበር። አያ ቢረሳው እንደ ልማዱ «አለ!» አለና ጆሮውን ወደ ጎረቤቱ ቤት አቀና። ዝም። «አለ ብያለሁ!» ብሎ ደገመ። አሁንም ዝም። ሽማግሌው ባርኔጣውን አወለቀ። የዘርጋውን ሞት ያረዳው ሰው የለም፤ ከዝምታው ነው የተረዳው።

ዝም ባለው ቤት ውስጥ ስመኝ ሌላ ነገር ግራ አጋብቷት ነበር። ስመኝ ለዘርጋው አንድ ልጁ ናት። በአንቀልባ ታዝላ ወደ ሰላጤው ወረደች፣ እዚሁም ፀጉሯ ላይ ሽበት ጣል ጣል ማለት ጀመረ። ደጋን አታስታውሰውም። አባቷ ጭቃ ቆንጥሮ፣ አሽትቶ፣ «ይኸ የሾላው ሥር አፈር ነው፣ ይኸ ደግሞ የታችኛው መደብ» ሲላት ራሷን ትነቀንቃለች እንጂ ለእሷ ጭቃው ሁሉ ጭቃ ነው። ትናንት ወደ ማታ ሲያጣጥር እጇን ጨብጦ የተናገረው እንኳ ስለ አፈር ነበር። «ስመኝ፣ ባዕድ አሸዋ ላይ እንዳትጥይኝ። ላፈሬ አብቂኝ» አላት። ከዚያ ወዲያ አልተናገረም። አንዲት ቃል ለእሷ ቢጨምር ምን ነበረበት? ቅር አላት። ቅር በማለቷ ደግሞ አፈረች።

በሰላጤው ሬሳ ከሁለት ሙላት በላይ አይቆይም። ሁለተኛው ሙላት ሳይደርስ በገዛ አፈሩ ውስጥ ካልገባ ነጯ ጀልባ ትወስደዋለች። ነጯ ጀልባ ቀዛፊ የላትም። ሬሳውን ምላስ ጫፍ ወስዳ አሸዋ ታለብሰዋለች፣ ባሕሩ ደግሞ የምላስን ጫፍ በየጊዜው ይበላዋል። አንዱ ሙላት ሌሊት አለፈ። ሁለተኛው ከሰዓት በኋላ ነው። የዘርጋው ስም ደግሞ ካለፈው ጎርፍ ወዲህ በቀማሹ አፍ እየሳሳ ነበር፤ አንድ ሰሞን «ጥቂት» ሲል ከረመ፣ ቀጥሎ «ርዝራዥ» አለ፣ ዛሬ ጠዋት «አልተገኘም» አለ።

ስመኝ መጀመሪያ አልደነገጠችም። አባቷ አልጋ ሥር የተደረደሩ ጆንያዎች ነበሩ። ከልጅነቷ ጀምሮ አትንኪ የተባለቻቸው፣ «ለክፉ ቀን ነው» የተባሉ። ከዚህ የባሰ ክፉ ቀን ከየት ይመጣል? ሰውዬው አርቆ አሳቢ ነው፣ አፈሩን ለራሱ ቀብር አስቀምጧል አለች በሆዷ። እድሩ ለቀብር የሚያውሰውን የእጅ ቀማሽ አንስታ አንዱን ጆንያ ወጋችው።

«የቢረሳው ማሳ» አለ ዘንጉ። «ሙሉ።»

ክው አለች። ዘንጉን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችና ሁለተኛውን ወጋች። «የቢረሳው ማሳ። ሙሉ።» ሦስተኛውንም። ያው ነው። አልጋው ላይ በነጭ የተገነዘውን አባቷን ቀና ብላ አየችው። የሰው አፈር የሰረቀ ከሰላጤው ይባረራል፤ ይህን ሕግ ሌላው ሰው እንዳይረሳ ሲናገር የኖረው ራሱ ነበር። እሱ ሌባ ነው? ወይስ ዘንጉ ነው የተሳሳተ? ወይስ ደጋ ላይ ቢረሳው የወሰደበትን ነው የመለሰ? የሚመልስላት ሰው አፉን በጥጥ ተደፍኗል። ጆንያዎቹን ወደ ውስጥ ገፋ አድርጋ፣ ጋቢ ጣል አደረገችባቸውና ለቀስተኛ ሳይገባ ወጣች።

ፍትሐቱ በተንሳፋፊው ቤተ ክርስቲያን አልቆ ሳጥኑ የዘይቱና ጀልባ ላይ ተጫነ። ዘይቱና የባሕሩ ልጅ ናት። የእሷ ሰዎች ደገኛውም አፈሩም ሳይመጡ ከዚህ ሰላጤ ዓሣ ያወጡ ነበር፤ የርስቱ ነገር ዛሬም ያስቃቸዋል። «እናንተ ጭቃ ስታዩ ስም ታወጣላችሁ፣ እኛ እግራችንን እንታጠባለን» ትል ነበር ሁልጊዜ። ዛሬ ግን አልቀለደችም። «ወዴት ልቅዘፍ፣ ስመኝ?» አለቻት ብቻ።

ስመኝ ምን ታውቃለች! ከኋላ የእድሩ ጀልባዎች ተሰልፈዋል። የእድሩ ዳኛ ጋሽ ማንያዘዋል ከፊተኛው ጀልባ ላይ ቆሞ እጁን ወደ አፍ ዘረጋ። «ወንዙ ገና ሲገባ ከባዱን አፈር እዚያ ነው የሚጥለው፣ ከዚያ እንጀምር» አለ።

«የለም፣ የዘንድሮው ጎርፍ ብርቱ ነበር፤ ወደ ምላስ ሳይገፋው አይቀርም» አለች አንዲት ሴት።

«ማንግሮቩ ሥር ነው እኔ የምለው፣ ሥሩ እንደ ወንፊት ይይዛል» አለ ሌላው።

ሦስቱም ልክ ይመስላሉ። ሦስቱም ጋ ሄዱ። አፍ ላይ ሲደርሱ ባለፈው ሳምንት ስመኝ ጎመን የገዛችበት ደለል ቦታው ላይ አልነበረም። በምትኩ ቡናማ ውሃ ይሽከረከራል፣ መሃሉ ላይ የሰው ቤት በር ብቻውን ይዞራል። ከሌላ ደለል ወርዳ ዘንጉን ተከለች። «የአለምነሽ ማሳ። የተከስተ ማሳ። የዘርጋው ማሳ አልተገኘም።» ወደ ቀጣዩ ተቀዘፈ። አልተገኘም። ጉልበቷ ድረስ ጭቃ ገብታ ወጣች፣ እንደገና ገባች። አንዱ ደለል ላይ ሲደርሱ የራሷ እግር ዱካ ጠበቃት፤ ቅድም እዚህ ነበርን ማለት ነው? ወይስ ደለሉ ነው ተከትሎን የመጣው? ዘይቱናን ዞር ብላ አየቻት። ዘይቱና ትከሻዋን ነቀነቀች።

ፀሐዩ በረታ። አልቃሾቹ መጀመሪያ ደረት እየመቱ ነበር፣ ቀጥሎ ዜማው ተዛባ፣ ኋላ አንዷ ጫማዋን አውልቃ ከጀልባው ውሃ ስትጨልፍበት «እዬዬም ሲዳላ ነው እናቴ» አለች ለጎረቤቷ፣ ስመኝ እየሰማቻት። እውነቷን ነው። የተቀሩትም ስለ ሬሳው ማውራት ትተው የእኔ አፈር በዚህ አለፈ፣ የእኔ በዚያ እየተባባሉ ነበር።

ከሁሉም ኋላ ነጯ ጀልባ ትከተላለች። አትቸኩልም። ሲቆሙ ትቆማለች፣ ሲሄዱ ትሄዳለች፣ ርቀቷን ጠብቃ፣ ሥርዓት እንዳላት ልጅ። አልፎ አልፎ «ለቤተሰቡ መጽናናትን እንመኛለን። ጊዜው ሲደርስ ዝግጁ ነን» ትላለች። ስመኝ ድምፁን አወቀችው። በየጠዋቱ ስም የሚጠራው የቀማሹ ድምፅ ነው።

ከነጯ ጀልባ ፊት አያ ቢረሳው ብቻውን ይቀዝፋል። ጠላትም ቢሆን ቀብር አይቀርም። ከጀልባው ጭራ ደግሞ እንደ ልማዱ የጌሾ ጀልባውን ጎትቷል። ይህ ጌሾ የሰላጤው ወሬ ነው። ያረጀ የዓሣ ጀልባ ውስጥ አፈር ሞልቶ የተከለው ነው፤ ጨው ስለማይደርስበት የሌላው ሰው ጌሾ ቢጫ ሆኖ ሲሞት የእሱ ለምልሞ ለጠላ ጠማቂ ሁሉ ይተርፋል። ሰው እንዳይነካበት ለሰርግም፣ ለቀብርም ይዞት ይዞራል። ሚስት ቢኖረው ቤት ትቷት፣ ጌሾውን ይዞ ይወጣ ነበር እያሉ ያሙታል።

ባሕሩ መመለስ ሲጀምር ጉሮሮ ውስጥ ነበሩ። የማንግሮቩ ሥር ግራና ቀኝ እንደ አጥር ቆሟል፣ ውሃው ከሥር ወደ ላይ ያብጣል፣ ከፊት ያለው ደለል ዓይናቸው እያየ ውሃ ውስጥ ገባ። የመጨረሻው ያልቀመሱት ደለል እሱ ነበር።

«በቃ» አለ ጋሽ ማንያዘዋል ቀስ ብሎ። «ልጄ፣ አቅማችንን አድርገናል።»

«አልሄድም» አለች ስመኝ። «ባዕድ አሸዋ ላይ አልጥለውም! ቃሌን ሰጥቻለሁ!» በእርግጥ ቃሏን አልሰጠችም ነበር፤ ሳትሰጠው ነው የሞተው። ይኸው ነበር ውስጧን የሚበላት።

ጀልባዎቹ ወደ ኋላ እንመለስ ሲሉ ጉሮሮው ውስጥ ተጨናነቁ። አንዱ ሌላውን ገጨ። ሳጥኑ ወደ ጎን ሲንሸራተት ስመኝ በአንድ እጇ ያዘችው፣ በሌላው እጇ የዘይቱናን ጀልባ ከተጠጋት ጀልባ ለማራቅ ዘንጉን ወረወር አድርጋ ገፋች። ዘንጉ ለስላሳ ነገር ውስጥ ሰመጠ።

«የዘርጋው ማሳ» አለ። «ሙሉ።»

ሁሉም ወደ ዘንጉ ዞረ። ዘንጉ የተተከለው ጌሾው መሃል ነበር።

«ምን አለ?» አለ አንዱ ከኋላ።

ስመኝ ነቅላ በሌላ በኩል ወጋችው። «የዘርጋው ማሳ። ሙሉ።»

«አያ ቢረሳው» አለ ጋሽ ማንያዘዋል። «ይኸ ምንድን ነው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? ዘንጉ ጃጅቷል!» አያ ቢረሳው ከጀልባው ወደ ጌሾው ጀልባ ተሻግሮ ግንዱን በሁለት እጁ ያዘ። «የእድር ዕቃ መቼ ደህና ሆኖ ያውቃል? ድንኳኑም ያፈስሳል!»

«ለካ ጌሾው እንዲያ የሚያምረው በሰው አፈር ነው!» አለች ያቺ ጫማዋን ያወለቀችው ሴት። «ይኸን ይዘው አርባ ዓመት አለ፣ አለ ሲሉን ኖሩ!»

ጋሽ ማንያዘዋል ፊቱ ጠቆረ። «አያ፣ ሕጉን ያውቁታል። ነጯ ክርክር አለ ወይ ብላ ስትጠይቅ ዝም ማለት አልችልም። እኔ ዳኛ ነኝ።»

ስመኝ ለአፍታ አንጀቷ ቅቤ ጠጣ። አዎ፣ ደስ አላት፤ ምን ይደበቃል? አባቷ በየጠዋቱ የጮኸው እውነት ነበር፣ አፈሩም ተገኘ፣ ሌባው ይውጣ! ከዚያ ሽማግሌውን አየችው። ጌሾውን አልለቀቀም። ወደ ነጯ ጀልባ፣ ወደ ምላስ፣ እንደገና ወደ ነጯ ያያል፤ በየት በኩል እንደሚባረር አስቀድሞ የሚያጠና ይመስላል። እሷ ደግሞ ጋቢ ያለበሰቻቸው ጆንያዎች ትዝ አሏት። ዝም ብትልስ? ማንም አያውቅም። አባቷ ንጹሕ ሆኖ ይቀበራል፣ ቢረሳውም ይሄዳል፣ ጆንያዎቹንም ነገ ወንዝ ውስጥ መድፋት ነው። ምን ማድረግ እንዳለባት አታውቅም ነበር። አፏ ግን ቀደማት።

«ጋሽ ማንያዘዋል፣ የአባቴ አልጋ ሥር ጆንያ አለ።»

«እና?»

«ውስጡ ያለው የአያ ቢረሳው አፈር ነው። ጠዋት ቀምሼዋለሁ።»

«በሬሳው ፊት!» አለች አንዲት ሴት አፏን ይዛ።

አያ ቢረሳው ቀና አለ። «ምን አልሽ አንቺ ልጅ? እስኪ ድገሚው።»

«አባቴም ሰርቆዎታል ነው የምለው።»

ሽማግሌው ጉልበቱን በጥፊ መታው። «አላልኩም? አላልኩም ወይ ጎበዝ? ይህ ሰው ይሰርቀኛል ስል ማን አመነኝ? ይኸው! ከገዛ ልጁ አፍ!» ሳቀ። ጥርስ የሌለው አፉን ከፍቶ ከልቡ ሳቀ፣ አርባ ዓመት የተሟገተው ችሎት ዛሬ የፈረደለት ነው እንጂ ቀብር ላይ ያለ አይመስልም። ሳቁ እዚያው መሃል ላይ ተሰበረ። ጌሾው ውስጥ ቁጭ አለና ፊቱን በጋቢው ሸፈነ።

«ብዙ ነው?» አለ ከጋቢው ውስጥ።

«የአልጋውን ሥር ሞልቶታል።»

«ውሃው በሸሸ ቁጥር ነዋ። እሱ ሲያንቀላፋ እኔ አካፋዬን ይዤ እሄዳለሁ፣ እኔ ሳንቀላፋ እሱ ይመጣል። አካፋው ጭቃ ነክቶ ሳየው ዝም እላለሁ፤ ምን ብዬ ልክሰስ፣ የእኔም ነክቷል።» አፍንጫውን ጠረገ። «አፈራችን ሳሳ ብለን ውሃውን ስንረግም ኖርን። ውሃው ምን አደረገ? ደለል ላይ አንድ ጭብጥ ያላስቀረን እኛው ነን።»

ውሃው የጀልባዎቹን ሆድ እየደበደበ ያድጋል። ነጯ ጀልባ ትንሽ ቀረብ አለች። «ጊዜው እየደረሰ ነው» አለች በትሕትና።

አያ ቢረሳው ተነሳ። የመጀመሪያውን ጌሾ ከግንዱ ይዞ ጎተተው። እምቢ አለው፣ ሥሩ ሰዷል። በጉልበቱ ተንበርክኮ ነቀለውና ውሃው ላይ ወረወረው። ሁለተኛውን ነቀለ። «ምን ቆማችሁ ታዩኛላችሁ?» አለ። «ሙላቱ ይጠብቀናል? ኑ እንጂ!»

ከዚያማ ማን ይቆማል! ወንዶቹ ተሻገሩ። ጌሾው ተነቅሎ አለቀ፣ አፈሩ በእጅ፣ በሳህን፣ በባርኔጣ ወደ ዳር ተገፋ። ሳጥኑ ጀልባው መሃል ገባ። አፈሩ ተመልሶ ሲለብሰው ስመኝ አንድ እፍኝ ይዛ ቆመች። ጥቁር ነው፣ ለስላሳ ነው፣ የጌሾ ሥር ይሸታል። የሾላው ሥር ይሁን የታችኛው መደብ አሁንም አታውቅም። «አፈሩ ይቅለልህ፣ አባዬ» ብላ በተነችው።

ነጯ ጀልባ ደረሰች። ከጎኗ ቀጭን ክንድ ወጥቶ መቃብሩን ነካ። «የዘርጋው ማሳ። ሙሉ» አለች። ቀጥላም «ክርክር አለ?» አለች።

ጋሽ ማንያዘዋል የጫማውን ጫፍ ያያል። የእድሩ ሰው ሁሉ ዓይኑ አያ ቢረሳው ላይ ነው። ሽማግሌው አፉን ከፈተ። ከንፈሩ በልማድ ወደዚያችው ቃል ሲሄድ ስመኝ አየች።

«የለም» አለ።

«አልተሰማም። ክርክር አለ?»

«የለም አልኩሽ! አትሰሚም? የለም!» ድምፁ ጉሮሮው ውስጥ ከዳር ዳር አስተጋባ። ከዚያ ደረቱን እየመታ አለቀሰ። ከጠዋት ጀምሮ ለዘርጋው በወጉ የተለቀሰው ያኔ ብቻ ነው።

«መጽናናትን እንመኛለን» አለች ነጯ ጀልባ። ዞራም ሄደች።

ጋሽ ማንያዘዋል ጉሮሮውን ጠረገ። «የጌሾውንና የጆንያውን ነገር በተመለከተ» አለ፣ «ለነገ ይቀጠር።» በሰላጤው ለነገ የተቀጠረ ነገር ምን እንደሚሆን ሁሉም ያውቃል፤ እሱም ያውቃል። ሰዉ ተበተነ።

መቃብር የሆነውን የጌሾ ጀልባ ዘይቱና ጎትታ በሁለቱ ቤቶች መካከል አሰረችው። ወደ ማታ ለቀስተኛው ሲሳሳ አያ ቢረሳው ወደ ስመኝ ቤት ገባ። አርባ ዓመት ያንን ደፍ ረግጦት አያውቅም። ሰላምታ ሳይሰጥ ቀጥ ብሎ ወደ አልጋው ሄደ፣ ወገቡን ይዞ ጎንበስ አለና ጋቢውን ገለጠ። ከአንዱ ጆንያ ቆንጥሮ አሸተተ። ቆይቶ «እናቴ ጎመን የምትዘራበት ነው» አለ። «ከጓሮ በኩል።»

«ይውሰዱት፣ አያ። ሰው ጠርቼ አስጭንልዎታለሁ።»

«ለምን?» ጋቢውን መልሶ አለበሰው። «እዚያው ይቀመጥ። ልጅ የለኝ፣ ዘመድ የለኝ። ስሞት እንደዛሬው ሰላጤውን ስትዞሪ እንዳትውይ፤ አልጋው ሥር ነኝ።»

ስመኝ ያኔ አለቀሰች። ለማን እንደምታለቅስ አልገባትም። ለአባቷ ነው፣ ለሽማግሌው ነው፣ አባቷ ውሃው በሸሸ ቁጥር አፈር ተሸክሞ ሲመለስ ላልጠየቀችው ጥያቄ ነው። አያ ቢረሳውም አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብሎ ጠበቃት።

በማግስቱ ውሃው ሸሽቶ ደለሉ ጀርባውን አወጣ። መልኩ እንደገና ተቀይሯል፤ ትናንት ጉሮሮ የነበረው ዛሬ ሁለት ነው። «አፈርሽ የት አደረ?» አለቻት ዘይቱና ዓሣ ይዛ ስታልፍ። ስመኝ ወደ መቃብሩ ጀልባ አመለከተች። ሙላቱ ሌሊት ገፋ አድርጎት ወደ አያ ቢረሳው በራፍ ተጠግቷል።

ቀማሹ ስም ጠርቶ ጨረሰ። «ክርክር አለ?» አለ።

አያ ቢረሳው በራፉ ላይ ቆሟል። ባርኔጣው በእጁ ነው። አፉን ከፈተና ከደነው። ወደ መቃብሩ አየ፣ ወደ ዘርጋው መስኮት አየ፣ እንደገና ወደ መቃብሩ። ለምን እንደወጣ የጠፋው ሰው ይመስል ነበር። ወደ ቤት ሊገባ ዞረ፣ ደፉን ረግጦ ቆመ፣ አልገባም።

«ክርክር አለ?» ደገመ ቀማሹ።

ስመኝ ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች።

«አለ!» አለች።

ሽማግሌው ደንግጦ ዞረ። «ምን አለሽ አንቺ?»

«ጀልባው ወደ እርስዎ ተጠግቷል። ሌሊት ገመዱን የሳበ ሰው አለ። በአባቴ ወሰን ገብተዋል።»

«ማን? እኔ? እኔ ነኝ የገባሁ?» ወገቡ ቀና አለ። ባርኔጣውን አጠለቀ፣ አንድ እርምጃም ወደ ፊት መጣ። «የዘርጋው ልጅ፣ ምን ይጠበቃል! ውሸት ነው፣ አለ! ክርክር አለ!»

«ተመዝግቧል» አለ ቀማሹ።

ሁለቱም ቁርሳቸውን ሊበሉ ገቡ።